ጋቦን ምድር ውስጥ ራሱን በራሱ ያቀጣጠለው የኒውክሌር ማብላያ

የጎደለው ሦስት ፍሬ ነው። ከመቶ ሺህ ውስጥ ሦስት ፍሬ።

ነገሩን በስንዴ እንየው። ከአንድ ጆንያ መቶ ሺህ ፍሬ ቆጥራችሁ ሰፌድ ላይ ዘረጋችሁ እንበል። እንክርዳዱን ስትለቅሙ 720 ፍሬ ሆነ። የጎረቤት ጆንያ ተከፈተ፣ እሱም 720። ከሌላ አገር የመጣ ስንዴ ተለቀመ፣ አሁንም 720። ዓመት ቢቀያየር፣ አገር ቢቀያየር ዝንፍ አይልም። አንድ ቀን ግን 717 ወጣ። ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኞቻችን "ቆጠራ ተምታቶብኝ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፒየርላት በሚባል ቦታ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን አላለፉትም። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 1972 ነው፤ በእኛ ግንቦት 1964 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦታው ዩራኒየም የሚበለጸግበት ፋብሪካ ነው፤ የሚለቀመው ደግሞ እንክርዳድ ሳይሆን አንድ የዩራኒየም ዓይነት ነው። ማበልጸግ ማለት የዚያን ዓይነት ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። መሣሪያው 0.720 በመቶ ማለት ሲገባው 0.717 በመቶ አለ። ያቺን ኢምንት ልዩነት ተከትለው ሄደው ሄደው የደረሱበት ነገር፣ እኔ ካነበብኳቸው የሳይንስ ታሪኮች ሁሉ ልቤን የሚሰርቀው ነው። ዛሬ ጋቦን በምንለው አገር፣ መሬት ውስጥ፣ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኒውክሌር ማብላያ ይሠራ ነበር። ያኔ ሰው የለም። እንስሳ የለም። ዛፍ እንኳ የለም። ድንጋይና ውሃ ብቻቸውን ናቸው ይህን ያደረጉት።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ቀስ ብለን እንሂድ፤ ከባድ ቢመስልም ደረጃ በደረጃ ከተከተሉት ሁሉም ሰው የሚረዳው ነገር ነው።

ዩራኒየም ከመሬት ሲወጣ ሁለት ዋና ዓይነት ተቀላቅሎበት ነው የሚወጣው። አንደኛው ዩራኒየም 238 ይባላል፣ ሁለተኛው ዩራኒየም 235። በጠባያቸው መንትያ ናቸው፤ አሲድ ውስጥ ብትከቷቸው፣ ብታቀልጧቸው፣ አንዱ የሆነውን ሌላውም ይሆናል። የሚለያዩት በክብደት ነው፤ 238ቱ በሦስት ኒውትሮን (አቶም መሃል ላይ የሚገኝ ደቃቅ ቅንጣት ነው) ይበልጣል። ማዕድን ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው 238 ነው። 235ቱ እዚያ መሃል የተበተነ እንክርዳድ በሉት፤ መጠኑ 0.720 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ካናዳ ብትሄዱ አይለወጥም፣ አውስትራሊያ ብትሄዱ አይለወጥም። ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ ላይም፣ ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች ላይም ያው ነው። ሁለቱ መንትዮች ከመሬት መወለድ በፊት ነው የተቀላቀሉት፣ የሚለያያቸውም ነገር የለም። ለዚህ ነው ሦስት ፍሬ ስትጎድል ሰው የደነገጠው።

ሌላም ምክንያት አለ። እንክርዳድ አልኩት እንጂ ዋጋ ያለው እሱ ነው። የመብራት ኃይል የሚሰጠው 235 ነው፤ ሲበዛና ሲጠራ ደግሞ ቦምብ የሚሆነውም እሱ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዷ ግራም ተመዝግባ ትገባለች፣ ተመዝግባ ትወጣለች። ከጋቦን የመጣው ማዕድን ሁሉ ሲሰላ የጎደለው 235 ወደ 200 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ። ይህ ደግሞ ግማሽ ደርዘን ያህል ቦምብ ሊሠራ የሚችል መጠን ነው። ሰረቀ የሚባል ሰው ካለ በጣም አደገኛ ሰው ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው እንግዲህ የሰው እጅ ነው። ምናልባት ማብላያ ውስጥ ገብቶ የወጣ፣ 235ቱ የተበላ ያገለገለ ዩራኒየም በስህተት ተደባልቆበት ይሆን? ይህን ማጣራት ቀላል ነው። ማብላያ ውስጥ የቆየ ዩራኒየም ሲወጣ ዩራኒየም 236 የሚባል ሌላ ዓይነት ይዞ ይወጣል፤ እንደ አሻራ ነው። ፈለጉት። የለም። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። ፋብሪካው የተቀበለው ጋዝ ከየት መጣ? ጋዙ የተሠራበት ዱቄት ከየት መጣ? እያንዳንዱን ደረጃ ሲፈትሹ ጉድለቱ አብሮ እየተጓዘ ነው። በመጨረሻ ጋቦን ደረሱ። ጋቦን እስከ 1960 ድረስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ የፈረንሳይ ኩባንያም በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ፍራንስቪል አካባቢ ዩራኒየም ያወጣ ነበር። ከጉድጓዶቹ አንዱ ኦክሎ ይባላል። ጉድለቱ ከማሽን አልነበረም፣ ከመዝገብም አልነበረም። ድንጋዩ ራሱ ከመሬት ሲወጣ ነው ጎድሎ የወጣው። ከጉድጓዱ ናሙና ሲያወጡማ ይባስ ብሎ 235ቱ እስከ 0.440 በመቶ የወረደበት ድንጋይ ተገኘ። ይህ እንግዲህ ሦስት ፍሬ የጎደለው አይደለም፣ ከሲሶ በላይ የተበላ ነው።

235ን ከመንትያው ለይቶ የሚበላ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የኒውክሌር ቃጠሎ።

ቃጠሎ ስል እሳት ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ አቶም መሃሉ ላይ አስኳል አለው። የዩራኒየም 235 አስኳል ትልቅና ያልተረጋጋ ነው፤ አንድ ኒውትሮን ቀስ ብሎ መጥቶ ሲነካው ለሁለት ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፣ ሁለት ወይም ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖችም ይተፋል። እነዚያ ደግሞ ሌሎችን 235 ያገኙና ይሰነጥቃሉ። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይቀጥላል። ኒውክሌር ማብላያ ማለት በቃ ይኸው ነው፤ የቀረው ቧንቧውም፣ ግንቡም፣ ማማውም ይህን ነገር በልክ ለመያዝ የተሠራ ነው።

ችግሩ አዲስ የወጡት ኒውትሮኖች እጅግ ፈጣን መሆናቸው ነው። ፈጣን ኒውትሮን 235ን ብዙ ጊዜ ሳይሰነጥቀው ያልፋል፤ ከዚያ በየመንገዱ ያለው 238 ይውጠዋል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚያበርድለት ነገር ያስፈልጋል። ውሃ ለዚህ የተመቸ ነው። ኒውትሮኑ የውሃው ሃይድሮጂን ላይ እየተጋጨ ይደክማል፣ ልክ ብይ ከብይ ጋር ሲጋጭ ጉልበቱን አካፍሎ እንደሚቆም። የደከመው ኒውትሮን ነው 235ን የሚሰነጥቀው። ውሃ እንደማቀዝቀዣ ብቻ አትዩት፤ እሱ ከሌለ ቃጠሎው ራሱ የለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመለሳለች።

አሁን አንዱ ትልቅ ጥያቄ ይመጣል። ዛሬ የዩራኒየም ማዕድን ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ውሃ ብታፈሱበት ምንም አይሆንም። 0.720 በመቶ በጣም ትንሽ ነው፤ ተራ ውሃ ራሱ ከኒውትሮኖቹ የተወሰኑትን ስለሚውጥ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ጣሊያን የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ ዲሴምበር 1942 ቺካጎ ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ሠራሽ ማብላያ ሲያስነሳ ውሃ ሳይሆን ኒውትሮኖቹን ለማብረድ በጣም የጠራ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር) ነው የተጠቀመው። ዛሬ በተራ ውሃ የሚሠሩት የመብራት ማብላያዎች ደግሞ 235ቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ካልበለጸገላቸው አይነሱም። ጋቦን ውስጥ ታዲያ ማን አበለጸገው?

ማንም። ያኔ ዩራኒየም ሁሉ የበለጸገ ነበር።

ሁለት ጎተራ አስቡ። ሁለቱም ውስጥ ያለው እህል በነቀዝ እየተበላ ነው፣ ግን ነቀዙ እኩል አይደለም። የ235 ጎተራ በየ704 ሚሊዮን ዓመቱ በግማሽ ይጎድላል። የ238 ጎተራ ግን በግማሽ ለመጉደል 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ የመሬትን ዕድሜ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የ235 ድርሻ ትልቅ ነው። ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት በዓለም ላይ የነበረው 235 ከዛሬው ሰባት እጥፍ ነበር፤ ከማዕድኑ ውስጥ ድርሻው ወደ 3.7 በመቶ ይጠጋ ነበር። ዛሬ አገሮች በቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ተክለው፣ በዲፕሎማሲ ተጣልተው የሚያገኙት ብልጽግና ያኔ በየድንጋዩ ውስጥ እንዲያው በነፃ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ቅድም የጠፋው የ236 አሻራ ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። ኦክሎ ውስጥ 236 ተፈጥሮ ነበር። ግን በየ23 ሚሊዮን ዓመቱ በግማሽ የሚጎድል ስለሆነ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ቆይቶ አንድም አልተረፈም።

ይህ ሁሉ ከመገኘቱ 16 ዓመት በፊት፣ በ1956፣ ፖል ኩሮዳ የሚባል በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጃፓን ተወልዶ ያደገ ኬሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይህንኑ አስልቶት ነበር። የጥንት የዩራኒየም ማዕድን ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል አለ፣ ምን ምን መሟላት እንዳለበትም ዘረዘረ። የማዕድኑ ክምችት ከሁለት ሦስተኛ ሜትር በላይ ወፍራም ይሁን፣ አለበለዚያ ኒውትሮኖቹ ሥራ ሳይሠሩ ያመልጣሉ። 235ቱ በቂ ይሁን። ኒውትሮን የሚያበርድ ውሃ ይኑር። ቦሮንና ሊቲየምን የመሰሉ ኒውትሮን የሚውጡ ነገሮች አካባቢው ላይ አይብዙ። ኩሮዳ ያኔ ማስረጃ የሚሆን ድንጋይ በእጁ አልነበረውም። ኦክሎ ሲገኝ ግን የዘረዘረው ሁሉ እዚያው ተሟልቶ ተገኘ። አንድ ሰው ስለ ሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት ስለነበረ ድንጋይ በስሌት ተናግሮ ከ16 ዓመት በኋላ ልክ ሆኖ ሲገኝ ማየት፣ እኔ በበኩሌ ደጋግሜ ባነበው የማልጠግበው ነገር ነው።

ግን ደግሞ ጠይቁ። ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በፊት ከሆነ የበለጸገው፣ ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት ከዚያም በላይ የበለጸገ አልነበረም ወይ? ነበር። ታዲያ ያኔ ለምን አልተቀጣጠለም? የዚህ መልስ ያልጠበቅነው ቦታ ነው ያለው፤ እስትንፋስ ውስጥ።

ዩራኒየም መሬት ላይ ብዙ ነው ግን የተበተነ ነው፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት። እንዲቀጣጠል አንድ ቦታ መከማቸት አለበት። የሚሰበስበው ደግሞ ውሃ ነው። ሆኖም ዩራኒየም ውሃ ውስጥ በደንብ የሚሟሟው ውሃው ኦክስጅን ሲኖረው ብቻ ነው። የጥንቷ መሬት ላይ ደግሞ ኦክስጅን የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እያዘጋጁ ኦክስጅን መትፋት ጀመሩ፣ ከዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩ መለወጥ ያዘ። የወንዙ ውሃ ኦክስጅን አገኘ። ውሃው ከየድንጋዩ ዩራኒየም እየቀለጠለት ይዞ ወረደ። ጋቦን ላይ አሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ሲሰርግ ደግሞ ከሞቱ ፍጥረታት የቀረ ቅባትነት ያለው ዝቃጭ አገኘው፤ ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ነው። እዚያ ሲደርስ ዩራኒየሙ መሟሟቱ ቀረና ረጋ። ውሃው መጣ፣ አራግፎ ሄደ፤ ሌላ መጣ፣ አራግፎ ሄደ። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የማዕድን ቋት ሆነ።

እንግዲህ ጊዜውን አስተውሉ። ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ 235ቱ በሽ በሽ ነው፣ የሚሰበስበው ውሃ ግን የለም። ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ውሃው አለ፣ 235ቱ ግን አልቋል። ሁለቱ የተገናኙባት መስኮት ነበረች፣ ኦክሎ በእሷ ገባ። መንገዱን የጠረጉት ደግሞ እነዚያ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው፤ እኛ ዛሬ የምንተነፍሰውን አየር ያመጡት ማለት ነው።

ማረጋገጫው ምንድነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ አመዱ ነው። 235 ሲሰነጠቅ የሚወጡት ስብርባሪዎች የታወቁ ናቸው፤ ኒዮዲሚየም የሚባል ብረት ከእነሱ አንዱ ነው። የትም ያለ ተራ ኒዮዲሚየም ውስጥ ቁጥር 142 የሚባለው ዓይነት 27 በመቶ ይሆናል። ከስንጠቃ የሚወጣ ኒዮዲሚየም ግን 142 የለውም። ኦክሎ ላይ ሲለካ ከ6 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። እሷም ከአካባቢው አፈር የተቀላቀለች ናት፤ እሷ ስትቀነስ የቀረው ዛሬ ማብላያ ውስጥ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው። የፈረንሳይ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን በዚያው በ1972 ሴፕቴምበር ላይ ግኝቱን ለዓለም ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ፍለጋ እዚያው ኦክሎና አጠገቡ ባለው ኦኬሎቦንዶ 16 የተቃጠሉ ቦታዎች ተለይተዋል።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ውሃ እንመለስ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ክፍል ይህ ነው።

ቺካጎም ሆነ ሌላ ቦታ ማብላያ የሚቆጣጠር ሰው አለ። ቃጠሎው ሲበዛ ኒውትሮን የሚውጥ ዘንግ ያስገባል፣ ሲያንስ ያወጣል። ይህ ቁጥጥር ሲከሽፍ ምን እንደሚሆን ቼርኖቤል በ1986 አሳይቶናል። ጋቦን ውስጥ ግን ማንም አልነበረም፤ ታዲያ ለምን አልፈነዳም? ለምንስ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በሰላም ሠራ?

ጀበና ሲጣድ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናየው ነገር ነው። ቡናው ይሞቃል፣ ይንተከተካል፣ ወደ አንገቱ ይወጣና ሊገነፍል ሲል ከፍሙ ላይ ይነሳል። ሰከን ይላል። እንደገና ይጣዳል። ኦክሎም እንዲያ ነው፤ ልዩነቱ የሚያነሳው እጅ ሳይሆን ፍሙ ራሱ ውሃው ከሸሸ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ኒውትሮኖቹን ያበርዳል፣ ስንጠቃው ይጀምራል። ድንጋዩ ይግላል። ውሃው ይፈላና ተንኖ ይወጣል። ውሃው ሲወጣ ኒውትሮኖቹን የሚያበርድ ይጠፋል፣ ቃጠሎው ቀጥ ይላል። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ቀዝቀዝ ሲል ውሃው ተመልሶ ይሰርጋል። እንደገና ይነሳል። በበዛ ቁጥር የሚያነሳውን ነገር ራሱ ያባርራል፤ ስለዚህ ከልክ ሊያልፍ አይችልም።

ይህን የሚያህል ጊዜ አልፎ ፍሉ በየስንት ሰዓቱ እንደነበር ማወቅ ይቻላል ብትባሉ ታምናላችሁ? ታወቀ። በ2004 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ አሌክስ መሺክና ባልደረቦቹ ኦክሎ ድንጋይ ውስጥ ያለች አንዲት ደቃቅ የአሉሚኒየም ፎስፌት ቅንጣት ወስደው ውስጧ የታፈነውን ጋዝ ለኩ። ጋዙ ዜነን ይባላል። ዜነን ከስንጠቃው በቀጥታ የሚወጣው ጥቂት ብቻ ነው፤ አብዛኛው መጀመሪያ ቴሉሪየምና አዮዲን ሆኖ ይወጣና ቀስ በቀስ ወደ ዜነን ይለወጣል። ከእነዚህ ወላጆች አንዳንዶቹ በደቂቃዎች ይለወጣሉ፣ ሌሎቹ ሰዓታትና ቀናት ይፈጅባቸዋል። የፈጠኑት ድንጋዩ ገና ግሎ እያለ ዜነን ስለሆኑ ጋዛቸው አመለጠ። የዘገዩት ግን ቃጠሎው ቆሞ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ስለሆኑ ቅንጣቷ ውስጥ ተይዘው ቀሩ። የትኛው ዓይነት ዜነን ምን ያህል እንደተያዘና ምን ያህል እንዳመለጠ ሲሰላ ሰዓቱ ወጣ። 30 ደቂቃ ገደማ ይሠራል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያርፋል። 30 ደቂቃ ይሠራል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያርፋል። በዓይን ለማየት እንኳ የምታስቸግር አንዲት ቅንጣት ይህን ሁለት ቢሊዮን ዓመት ይዛ መቀመጧን ሳስብ ዝም ብዬ ቁጭ እላለሁ።

ኃይሉስ ምን ያህል ነበር? ስሙ ሲጠራ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። በአማካይ ከ100 ኪሎዋት የማይበልጥ ሙቀት ነው ይሰጥ የነበረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል ብንል፣ 25 ወይም 30 ምጣድ አንድ ላይ እንደ ማብራት ነው። አንድ ሠርግ ቤት እንጀራ ሲጋገር ከሚያስፈልገው ብዙም አይርቅም። ጉዱ ያለው ጉልበቱ ላይ ሳይሆን ርዝመቱ ላይ ነው። ፌርሚ ቺካጎ ላይ የለኮሰው ዘመን ገና መቶ ዓመት አልሞላውም፤ ኦክሎ ግን መቶ ሺዎችን ቆጥሯል።

ተቃጥሎ ሲያበቃ ደግሞ ዝቃጩ እዚያው ቀረ። በዚህ ምክንያት ነው ስለ ኒውክሌር ቆሻሻ የሚጨነቁ ሳይንቲስቶች ኦክሎ ላይ ዓይናቸውን የጣሉት። ማብላያ ውስጥ 238 ኒውትሮን ሲውጥ ፕሉቶኒየም ይሆናል፤ መርዛማና ለሺዎች ዓመታት አደገኛ ነገር ነው። ኦክሎም ውስጥ ፕሉቶኒየም ተፈጥሮ ነበር። ፕሉቶኒየም 239 በየ24 ሺህ ዓመቱ በግማሽ እየጎደለ ወደ ዩራኒየም 235 ስለሚለወጥ፣ የት እንደነበር ዱካው ይታወቃል። ዱካው ሲታይ ከተፈጠረበት የትም አልሄደም ማለት ይቻላል። ግንብ የለም፣ የብረት በርሜል የለም፣ ጠባቂ የለም፤ ውሃ እንደልቡ በሚመላለስበት ድንጋይ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሁሉም ግን አልተያዘም። ጋዞቹ፣ እንዲሁም ሲዚየምና ስትሮንቲየም የመሳሰሉት የስንጠቃ ስብርባሪዎች በብዛት አምልጠዋል። ስለዚህ ኦክሎን አይቶ "ቆሻሻውን ቅበሩት፣ ምንም አይሆንም" የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል ባይ ነኝ፤ ድንጋዩ የሚነግረን የትኛው እንደሚቀመጥና የትኛው እንደሚሸሽ ነው። ፊንላንድ ኦንካሎ በሚባል ቦታ ያገለገለ ነዳጇን ለመቅበር ጥልቅ ዋሻ የቆፈረችው ረጅም ዘመን አስባ ነው፤ ረጅም ዘመን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በሙከራ ማየት አይቻልም። ኦክሎ ሙከራውን ለእኛ ጨርሶ ጠብቆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ ሁሉ ረቀቅ ይላል። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ሽልያክተር በ1976 ኦክሎን ሌላ ጥያቄ ጠየቀው፦ የተፈጥሮ ሕግ ራሱ ባለፉት ሁለት ቢሊዮን ዓመታት ተለውጧል ወይ? ሳማሪየም 149 የሚባል አስኳል አለ፣ ኒውትሮን በጣም ይወዳል፤ ግን ፍቅሩ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፣ ሞገዱ ትንሽ ከተዛነፈ ይጠፋል። የተፈጥሮ ኃይሎች ያኔ በትንሹ እንኳ የተለዩ ቢሆኑ ኖሮ ኦክሎ ውስጥ ያለው ሳማሪየም 149 ይህን ያህል አይበላም ነበር። ሲታይ ግን ተበልቷል፣ ልክ ዛሬ በሚበላበት መጠን። አቶምን የሚገዛው ሕግ ያኔም ዛሬም አንድ ነው ማለት ነው።

የኦክሎ ጉድጓድ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ማዕድኑ ለመብራት ማብላያ ስለተፈለገ ተቆፍሮ ተሸጠ፤ ጋቦን ውስጥ የዩራኒየም ማውጣት ሥራ በ1999 ሲዘጋ ከእነዚያ ጥንታዊ ምድጃዎች አብዛኞቹ አብረው ሄደዋል። ሁለት ቢሊዮን ዓመት ተቀምጦ የቆየ ነገር በ30 ዓመት ውስጥ ወጥቶ ማለቁ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ቁፋሮው ባይኖር መኖሩንም ባላወቅን ነበር። ከድንጋዩ የተወሰደ ቁራጭ ቪየና በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል፣ የሄደ ሰው ሊያየው ይችላል።

ከኦክሎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ባንጎምቤ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያለው ማብላያ አነስ ያለና ወደ ላይ ቅርብ ነው፣ የቁፋሮው እጅም እንደ ኦክሎ አልበላውም። የጋቦን ዝናብ ሲጥል ውሃው ዛሬም እንደ ድሮው አፈሩን አልፎ ወደ ድንጋዩ ይሰርጋል። 235ቱ ግን አልቋል፤ ውሃው አይሞቅም፣ ዝም ብሎ ያልፋል።